የጋሽ ቀለመወርቅ ቀንበር

የተከበሩ ዲናችን አቶ አስማረ፣ የተከበራችሁ መምህራንና ሠራተኞች፣ ከስማዳ፣ ከወገዳ ድረስ በዚያ መንገድ ተንገላታችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እንዲሁም እትዬ አመተ ማርያም፤ ባለቤትዎን ጋሽ ቀለመወርቅን በጡረታ ሸኝተን ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ቀን ልናስረክብዎ ነውና እግዜር ያጽናዎ። እንዴት ዋላችሁ።

የኔነሽ እባላለሁ፤ የንድፍ መምህርቷ። ይህን የምለው ለእንግዶች ነው። የሚያውቁኝማ ማይኩን ስይዝ ሲያዩ አስቀድመው ጠላቸውን አስሞልተዋል። አዘጋጅ ኮሚቴው «አጭር አድርጊው፣ ጨዋም አድርጊው» ብሎኛል። ከሁለቱ አንዱን እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር። በሩ አጠገብ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ የቆመውን ረጅም ነገር ሁላችሁም አይታችሁታል። አይታችሁ እንዳላየ አልፋችሁ ተቀምጣችኋል፤ እኔም አልፌዋለሁ። ጋሽ ቀለመወርቅ ሰኞ በወገዳው መኪና ጭነውት ሊሄዱ ነው። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የኮሌጁ ሰው ያውቃል፤ እንግዶች ደግሞ አሁን ትሰማላችሁ። ለጊዜው ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ እሱ ከዚህ በር ከወጣ ንፋስ መውጫ ላይ የውድድር ብስክሌት መሥራት የሚባል ነገር አበቃ። እንግዲህ እየሳቃችሁ ስትሰሙኝ በአንድ ዓይናችሁ በሩን ጠብቁልኝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ጠዋት ነው፣ ጉም ነው። የኛን ከተማ ጉም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ የሚሄድበት ነው። እኔ ገና አዲስ ቅጥር ነኝ። ከጥበቃው ከጋሽ ደምሌ ጋር በር ላይ ቆመን እያወራን ሳለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ቀንበር ብቻውን እየተራመደ መጣ። ከሥሩ ሰው እንዳለ የታወቀው ሲቀርብ ነው። ትከሻው ላይ ረጅም እንጨት፣ እንጨቱ ላይ የተተከሉ ችካሎች፣ ከአንዱ ችካል ላይ ደግሞ ጎማ የሌለው፣ ኮርቻ የሌለው፣ መሪ የሌለው፣ የዛገ የብስክሌት አጽም ተንጠልጥሏል።

ጋሽ ደምሌ፣ እነሆ እዚያ ጥግ ተቀምጠው እየሳቁ ነውና ይመስክሩ፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አጋድመው፣

«አንተ ሰው፣ ቀንበር ይዘህ ወዴት ነው? ገበያው ወዲያ ነው» አሉ።

«ቀንበር አይደለም። የብስክሌት ፍሬም መሥሪያ ነው። የብረታ ብረት መምህር ሆኜ ተመድቤ መጥቻለሁ።»

«ብስክሌቱስ የት አለ?»

«ይኸው።»

«ጎማው?»

«ጎማ ማንም ይሠራል።»

ጋሽ ደምሌ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጠበል ፈልጎ ነው፤ መንገድ አሳስተውት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረው፣ «እሺ ይሁን። ቀንበሩስ መጣ። በሬዎቹስ?»

ሰውዬው ፈገግ እንኳ ሳይል፣ «በሬዎቹን እናንተ ዘንድ አገኛለሁ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

ያን ቀን ተቀይሜ ነበር። ዛሬ አንገቴን እየዳበስኩ አስበዋለሁ።

እንግዶቼ፣ በጆንያ የተጠቀለለው እሱ ነው። ጋሽ ደምሌ በሰጡት ስም «ቀንበሩ» ተብሎ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። የብስክሌት ፍሬም ማለት ጎማውንም፣ ኮርቻውንም፣ ሰውየውንም የሚሸከመው አካል ነው። ቱቦና ቱቦ ሲበየድ እሳቱ ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ሥራው እስኪያያዝ ድረስ ቱቦዎቹን በየማዕዘናቸው ጨብጦ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ከብረት ይሠራዋል ይባላል። ጋሽ ቀለመወርቅ ከአባታቸው ሞፈር ሠሩት። «ለምን ከሞፈር?» ብላቸው፣ «ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኖረ እንጨት ነው፤ ሌላ ነገር አያውቅም» አሉኝ።

ያ የዛገ አጽም ደግሞ ባሕር ዳር ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ያወጡት ነው። የድሮ የጣሊያን ሥራ ነው ብለው ያምናሉ። ወርክሾፕ ውስጥ ተቀምጠው ዝገቱን ሲፍቁ ሰነበቱ። ከዝገቱ ሥር መጋጠሚያዎቹ ወጡ፤ በየማዕዘኑ ቱቦውን እንደ እጅጌ አቅፎ የሚይዝ ብረት፣ ጫፉ በሞረድ ተስሎ ቅጠል የሆነ። ጋሽ ቀለመወርቅ የሞረዱን ጭረት በጣታቸው እየተከተሉ፣

«ይህን የሞረደ ሰው ግራኝ ነው» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ጭረቱ ወደየት እንደሚተኛ አታዪም? እዚህች ጋ ደግሞ ደክሞታል። እዚህ ጋ ምሳ በልቶ ተመልሷል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ዘመድ ሆነ። ስም የለውም ነበር፤ ጋሼ «ገብረ ኢየሱስ» ብለው አወጡለት። አዲስ ፍሬም ሲጀመር፣ «ገብረ ኢየሱስ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?» ይባላል። ሥራ ሲበላሽ ገብረ ኢየሱስ ይታዘበናል። ተማሪዎቻችን ገብረ ኢየሱስ የሚባል የድሮ መምህር እዚህ እንደነበረ ያምናሉ። አንዱማ ጡረታ የወጣበትን ዓመት ጠይቆኛል።

አሁን ወደ ዓይናቸው እንሂድ። ጋሽ ቀለመወርቅን ሁለቱንም ዓይን ከፍተው ያያቸው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እትዬ አመተ ማርያም እንኳ አላወጡም። ቱቦ ቀጥ ማለቱን ለማየት አንድ ዓይን ይጨፈናል፤ የሙያው ነው፤ አንቃወምም። እሳቸው ግን ቱቦውን ካስቀመጡት በኋላ መክፈቱን ይረሱታል። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ቱቦ ሆነባቸው። በባልደረባችን በሰርካለም ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከእግሩ እስከ ራሱ አይተው፣ «ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል፤ ከቃል ኪዳኑ በፊት ቢቃና ጥሩ ነበር» ብለዋል። ሙሽራው እዚህ አለ። አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው።

ለቅሶ ሄደን ደግሞ በድንኳኑ መሐል ብድግ አሉ። «ይህ ምሰሶ ሁለት ጣት ወደ በሩ አጋድሏል።» እኔ ጋቢያቸውን ይዤ፣ «ጋሼ፣ ኧረ በማርያም! ለቅሶ ላይ ነን» ስላቸው፣ «ታዲያ ሟቹ በጠማማ ድንኳን ሥር ይለቀስለት?» አሉ። ምሰሶው ተቃና። የሟቹ ወንድም እንባውን ጠርጎ ገመዱን ያዘላቸው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ለቅሶውም አማረበት።

አቶ አስማረ ስለ ስትራቴጂክ ዕቅዱ ሲያብራሩልን ደግሞ ጋሽ ቀለመወርቅ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ። አንደኛው እግር አጥሮ ኖሯል። እስከ ዛሬ በዚያ ቢሮ ውስጥ የማይናጋው ነገር ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ግን ይጠፋሉ። የሚጠፉት የትም ሄደው አይደለም፤ ቀንበሩን ተደግፈው እንደ ቆሙ ነው። ሞረዱ በእጃቸው ነው፤ ዓይናቸው፣ በዚያች ሰዓት ሁለቱም፣ ተከድኗል።

«ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?»

«አልተኛሁም። እየወረድኩ ነው።»

ከየት ነው? ከጉና ነው። ሁልጊዜ የሚወርዱት ከጉና ተራራ ነው። ወራቱ ገብሱ ሊያሽት ሲል ነው፤ ነፋስ ሲነካው መልኩ የሚገለባበጥበት፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ብር። ብስክሌቱ ድምፅ የለውም። ሰንሰለቱ አይንጫጫም፣ ጠጠሩ አይፈናጠርም፣ ፍሬን አያስፈልግም። በቀኝ ገብስ ይሄዳል፣ በግራ ጉም ይሄዳል፤ ከታች ደግሞ የእስቴ አገር ፀሐይ ላይ እንደ ተሰጣ ጋቢ ተዘርግቷል። ከሩቅ የአንድ ደብር ደወል ይሰማል፤ ወደ ደወሉ ሲጠጉ ደወሉ ራቅ ይላል። መንገዱ አያልቅም፤ ቁልቁለቱም አያስፈራም። ከሥርዎ ፍሬም መኖሩ አይታወቅም። «ጥሩ ፍሬም ማለት እሱ ነው፣ የኔነሽ» ይሉኛል ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ «ስትቀመጪበት የሚጠፋ።»

እኔም እያዳመጥኩ እወርዳለሁ። ጉናን ወርጄ ስጨርስ የንድፍ ክፍለ ጊዜዬ አልፏል። አቶ አስማረ፣ ያ ሁሉ የባከነ ክፍለ ጊዜ የት እንደገባ ይጠይቁ ነበር። ጉና ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከጉና ሲወርዱ የኖሩት ሰው የራሳቸው ብስክሌት ኖሯቸው አያውቅም። ለኛ ሠርተዋል፣ ለተማሪ ሠርተዋል፣ ለወረዳው ልጆች ሠርተዋል። እሳቸው በእግራቸው ይመጣሉ። ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና ልኬን አላገኘሁም።»

ልክ ካነሣን አይቀር። ጋሽ ቀለመወርቅ የደብር ልጅ ናቸው፤ ስማዳ ውስጥ ማኅሌት ቆመው ነው ያደጉት። ሌላው ዓለም የጋላቢውን እግር በሜትር ይለካና ጨረስኩ ይላል። እሳቸው መቋሚያ አስይዘው ያቆሙሃል። ትቆማለህ። ትጠብቃለህ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የምለካው?» ትላለህ። «ዝም ብለህ ቁም» ይሉሃል። ጠዋት የመጣ ሰው አንገቱን ሰብቆ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚቆመው። እሳቸው ሌላ ሥራቸውን ይሠራሉ። ትከሻው ሲወርድ፣ ጉልበቱ ሲላላ፣ ክብደቱን መቋሚያው ላይ ሲጥል፣ ያኔ ጠመኔ ይዘው ይመጡና በተደገፈው እንጨት ላይ ልኩን ያሰምራሉ።

«ሰው ሲመጣ ይንጠራራል» ይላሉ። «ልኩ የሚታወቀው ሲደክመው ነው። ብስክሌት ደግሞ የሚያስፈልገው ለደከመ ሰው ነው።»

አንድ ጊዜ ከበላይ የመጣ ጎብኚ፣ «እስቲ እኔንም ለኩኝ» ብሎ መቋሚያ ይዞ ቆመ። ጠበቅን። ሰዓቱ ሄደ። ሰውየው እንደ ተነፋ ነው። በመጨረሻ ጋሼ ጠመኔውን ኪሳቸው ከትተው፣ «ይህ ሰው አይደክመውም፤ ሥራ ሠርቶ አያውቅም» ብለው ተስፋ ቆረጡ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ግን በወርክሾፕ ቀስታ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ፈጠራችን። ሰርካለም፣ አንቺ ፊትሽን ሸፍኚ።

ለእንግዶች ልንገራችሁ፤ ሰርካለም ዛሬ የብረታ ብረት መምህርት ናት፣ ያኔ ግን ተማሪ ነበረች፤ ጋላቢያችን። በዚያ ዘመን ደህና ቱቦ ከገበያ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪገኝ ይጠብቃል። ጋሽ ቀለመወርቅ ሽመል ተሸክመው መጡ። «ቀላል ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ አይሰበርም። እግዚአብሔር ራሱ የሠራው ቱቦ ነው።» መጋጠሚያውስ በምን ይሁን? በጠፍር ነዋ፣ በበሬ ቆዳ! «አልጋችን የታሰረው በጠፍር፣ ሞፈራችን የታሰረው በጠፍር። እርጥቡን ጠምጥመሽ ሲደርቅ ብረት ነው። አያቶቻችን የሠሩትን እኛ ብስክሌት ላይ መጠምጠም ነው የቀረን።»

እውነትም ደረቀ፤ እውነትም ብረት ሆነ። ሲያንኳኩት ከበሮ ነበር። ሰርካለም ይዛው ወጥታ ስትመለስ፣ «ጋሼ፣ ነፋስ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ» አለች። ጋሽ ቀለመወርቅ ዓይናቸውን ከደኑ። ጉና ላይ እንደነበሩ አውቃለሁ።

የውድድሩ ዕለት ደረሰ፤ መንገዱ ከዚህ እስከ ክምር ድንጋይ ነው። ሰማዩ ንጹሕ ነው፤ በጋ ነው። ጉና ግን ጉና ነው፤ በጋም ሆነ ክረምት ፈቃድ አይጠይቅም። ሰርካለም ሁሉንም ቀድማ ዳገቱን ጀምራለች። እኔና ጋሼ ከኋላ በሚከተለው መኪና ላይ ተንጠልጥለናል። ዝናቡ ወረደ። ጠፍሩ ጠጣ።

በመጀመሪያ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ጎማው ትንሽ አሰበበት። ቀጥሎ ኮርቻው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ከዚያ ከሁሉ ቀድማ የነበረችው ልጅ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ስትል አየናት። እሷ ከብስክሌቱ ሳትወርድ ብስክሌቱ ራሱ ወረደ። ሲነሣ የውድድር ብስክሌት ነበር፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ የጠፍር አልጋ ሆነ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጮኸች።

«ተኚበት!» ያልኩት እኔ አይደለሁም። ሾፌሩ ነው።

በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። መንገድ ዳር ካለ ቤት ተጠለልን፤ ብስክሌቱን እንዲያንጠፈጥፍ ውጭ ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። ደግ እናት ናቸው፤ እሳት አነደዱልን፣ ድንች ቀቀሉልን። ትንሽ ቆይተው ወደ ውጭ ብቅ አሉ። ተመለሱ። መናገሩ የከበዳቸው መሰሉ። በመጨረሻ በትልቅ ትሕትና፣

«ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና... ብስክሌታችሁን ውሻ እየበላው ነው» አሉ።

በዓለም ላይ ብስክሌት ተሰርቋል፣ ተገጭቷል፣ ገደል ገብቷል። የተበላ ግን የኛ ብቻ ይመስለኛል።

ሮጠን ወጣን። እኔ ድንጋይ ሳነሣ ጋሽ ቀለመወርቅ እጄን ያዙኝ። ውሻውን በአንድ ዓይን እያዩት ነው። «ተዪው። መጋጠሚያውን ብቻ ነው የበላው፤ ሌላውን አልነካም። የቱ ጋ እንደሳትኩ እያሳየኝ ነው።» ውሻውም እንደ መምህር ረጋ ብሎ ትምህርቱን ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ ሲያዝኑ ሰነበቱ። ቀልድ የለ፣ ጉና የለ። እኔም ጨከንኩና በየቀኑ «ዛሬ ምሳ ምን ይበላል ብስክሌቱ?» እያልኩ አለፍኩ። አንድ ጠዋት ስገባ ያ የዛገ የገብረ ኢየሱስ ፍሬም ቀንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አጠገቡ የወይራ እንጨት ተጋድሟል። «የኔነሽ» አሉኝ፣ «አያቶቻችንን በመከተሌ አላጠፋሁም፤ ያጠፋሁት ከገብረ ኢየሱስ ሳላስተዋውቃቸው ነው።» እንዲህ ሆኖ ነው ዛሬ የምታውቁት የኛ ፍሬም የተወለደው። ፊቱ ቱቦ፣ መጋጠሚያው እንደዚያ እንደ ግራኙ ሰውዬ እጅጌ ብረት፣ በናስ የተያያዘ፤ ከኋላ ወደ ጎማው የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ደግሞ ወይራ። ድንጋያማ መንገድ ብረቱን ሲያንቀጠቅጠው ወይራው ይውጥለታል። የመጋጠሚያው ጫፍም እንደ ጣሊያኑ ቅጠል መሆኑ ቀረና እንደ መቋሚያ ራስ ወዲህና ወዲያ ጎበጥ አለ። ሰርካለም በሱ ደብረ ታቦር ላይ ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ ያልወጣችበትን ምክንያት ጋሼ እስከ ዛሬ ያብራራሉ፤ ሰፊ ጊዜ ያለው ሰው ይጠይቃቸው።

እስቲ አሁን ሳቁን ለጥቂት ጊዜ እናስቀምጠው።

ከዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ በኋላ ወደ ኮሌጁ የተመለስንበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ። ወርክሾፑ ባዶ ነበር። መበየጃው የለም፣ ጉጠቱ የለም፣ የመስኮቱ መስታወት የለም። ወለሉ መሐል ቀንበሩ ብቻውን ቆሟል። ምን እንደሆነ ያወቀ ስላልነበረ የወሰደው አልነበረም። እኔም በዚያ ሰሞን ቤቴም ልቤም እንደዚያው ነበር፤ ዝርዝሩን ተዉት፣ ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ። ሥራዬን ለቅቄ ልሄድ ቆርጬ፣ ጋሼን ልሰናበታቸው ገባሁ። በሩን ደገፍ ብዬ ቆምኩ።

ጋሽ ቀለመወርቅ ምንም አልጠየቁኝም። «አይዞሽ» አላሉኝም። ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና፣ «እንዳትንቀሳቀሺ። ዛሬ ነው ልክሽ» አሉኝ።

ድንኳን ሲያቃኑ፣ ጠረጴዛ ሲያቃኑ፣ ሙሽራ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ያን ቀን እኔን ሊያቃኑኝ አልሞከሩም። በቆምኩበት ለኩኝ። ከተሰበረ ወንበር እግር፣ ከወደቀ የመስኮት ፍርግርግ ያገኙትን ቱቦ ሁሉ ሰብስበው በዚያው ልክ ሠሩልኝ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ የመጣሁት በሱ ነው። በሱ ላይ ስቀመጥ ይጠፋል፤ ቀስ እያለ ያ የያዘኝም ነገር አብሮ እየጠፋ መጣ። ጋሼ፣ ይህን ነግሬዎት አላውቅም፤ ነገር ማጣፈጥ ስለምወድ ማመስገኛ ጊዜ አጥቼ ነው። አመሰግናለሁ። የሄድኩ መስሎኝ ያልሄድኩት እርስዎ ስለለኩኝ ነው።

እንግዲህ ወደ ጆንያው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ቀለመወርቅ ወደ ዲን ቢሮ ገብተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ቀንበሩን ማን ይረከበኛል?» አቶ አስማረ ያን የማይናጋ ጠረጴዛ እያዩ ዝም አሉ። የወርክሾፑ ጥግ ለኮምፒውተር ክፍል ታስቧል ሲባል እኛም ሰምተናል። ጋሼ ዝምታውን በአንድ ዓይን አይተው ልኩን ወሰዱ። በማግስቱ ችካሎቹን መንቀል ጀመሩ። እትዬ አመተ ማርያም፣ «ስማዳ ወስደህ ምን ልታደርገው ነው?» ሲሏቸው፣ «ዶሮ ይሰፍርበታል» አሉ አሉ። ዶሮ! ገብረ ኢየሱስ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ጋሼ፣ እርስዎ ግን አንድ ነገር አያውቁም። ባለፈው ወር ቤት ሊከድኑ ወገዳ የሄዱ ጊዜ ወርክሾፑ ተዘግቶ አልከረመም። ሰርካለም፣ አምጪው። ነጠላውን አንሺለት።

አትሳቁ። ኧረ አትሳቁ፤ ፍሬም ነው! እኔ ነደፍኩት፣ ሰርካለም በየደችው፣ ጋሽ ደምሌ ወይራውን ጠረቡት። መጋጠሚያውን ሦስታችንም ተካፍለን ሞረድን፤ ስለዚህ አንደኛው መቋሚያ ይመስላል፣ አንደኛው ቅጠል ይመስላል፣ የጋሽ ደምሌው የበግ ጆሮ ሆኗል።

የማን ልክ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝም? ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ ከጉና ሲወርዱ፣ ትከሻዎ ወርዶ፣ ጉልበትዎ ላልቶ፣ ቀንበሩን ተደግፈው ሳለ፣ ጋሽ ደምሌ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ገብተው በጠመኔ ለኩዎት። ሰው ልኩ የሚታወቀው ሲደክመው ነው ያሉን እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ልክዎ ተገኝቷል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ጠማማ ነው። ሆን ብለን አጣመምነው ብል ክብራችን በተጠበቀ ነበር፤ ግን አቅማችን ይኸው ነው። የቱ ጋ እንደጠመመ አንዳችንም አናውቅም። እንዲህ እንደሆነ ጉናን ቢወርዱበት መጀመሪያ የሚደርሱት ገደሉ ውስጥ ነው። ለማቃናት ደግሞ ቀንበር ያስፈልጋል፤ ቀንበሩ ጆንያ ውስጥ ነው።

አቶ አስማረ፣ የሥራ ኃላፊን በእንግዳ ፊት መጠየቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። ጥጉ ይቆያል? ምን አሉ? ራስዎን ነቀነቁ? ወደ ታች ነው ወደ ጎን? ወደ ታች! ጋሽ ደምሌ፣ አይተዋል? አይቻለሁ ብለዋል። ኮምፒውተሩ ሌላ ጥግ ይፈልግ።

እንግዲህ ሁላችሁም ተነሡ፤ በእጃችሁ ያለውን ከፍ አድርጉ። ጠላ የያዘ ጠላውን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን፣ አረቄ የያዘ ግን ደገፍ ብሎ። ጋሽ ቀለመወርቅ፣ የስማዳው ቤትዎ ክዳን አያፍስስ፣ ገብስዎ ያሽት፣ ሞረድዎ አይደንዝ። እትዬ አመተ ማርያም ያቺን የተጨፈነች ዓይን የሚከፍት ነገር ያሳዩዎ። ጉናን ሲወርዱ ዝናብ አያግኝዎ፤ ዝናብ ቢያገኝዎም ውሻ አያግኝዎ። ያ ስሙን የማናውቀው ግራኝ ሰውዬ ነፍሱ በሰላም ትረፍ፤ ሞረዱ ከእሱ እጅ ወደ እርስዎ እጅ የመጣበት መንገድ እዚህ በር ላይ አይቋረጥ። የዛሬ ሃያ ዓመት በዚያ ጉም ውስጥ በሬዎቹን እናንተ ዘንድ አገኛለሁ ብለው ነበር። በሬዎቹ ይኸው ቆመናል። ዘገየን እንጂ አልቀረንም። ደክሞናልም፤ ስለዚህ ልካችን በትክክል ይህ ነው። ለጋሽ ቀለመወርቅ!

ጋሼ? ብርጭቆውስ? እትዬ፣ ብርጭቆውን ይቀበሏቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነሥተዋል። ልቀቁላቸው፣ ይለፉ። ፍሬሙን እያዩት ነው... አገላበጡት... ምን አሉ? ሰርካለም፣ ምን አሉ?

«የበግ ጆሮው ያለበት እግር ነው፤ አንድ ጣት ያህል ወጥቷል» አሉ። ጋሽ ደምሌ፣ እርስዎ ነዎት ጉዱ!

ቆይ፣ ወዴት ናቸው? ወደ በሩ? ...ዝም በሉ። ማንም እንዳያግዛቸው። ቢላም አትስጧቸው፤ ገመዱን ራሳቸው ይፍቱት።

እትዬ አመተ ማርያም፣ የማስረከቡ ነገር ለጊዜው ተራዝሟል። እናንተ ጠጡ፤ ግን ቀስ ብላችሁ። የወገዳው መኪና ሰኞ ያለ እሳቸው ይሄዳል፤ እናንተም ሰኞ ጠዋት ወርክሾፕ ትፈለጋላችሁ። መቋሚያ ይዛችሁ ኑ።